ዘባሉ ምን ይብላ?

አልራይ፣ ጁምዓ ገበያ ሄዳችሁ የምታውቁ ከወፎቹ ሰፈር ዓሣ የሚሸጡትን አይታችኋል። እዚያ መስታወት ላይ በአፉ ተለጥፎ የሚውል ጠቆር ያለ ትንሽ ዓሣ አለ። ስሙ ማነው ብላችሁ ብትጠይቁ «ዘባል» ይሏችኋል፤ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማለት ነው። ምን ይበላል ስትሉ ደግሞ ይስቃሉ። ቆሻሻውን ይበላል፣ ሥራው እኮ ነው፣ ምግብ አያስፈልገውም።

ውሸት ነው። ይህ ዓሣ የሚግጠው ድንጋይና መስታወት ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ እንጂ የሌሎቹን ዓሦች ዓይነ ምድር አይደለም። ንጹሕ የቤት አኳሪየም ውስጥ ያለው አልጌ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሆዱ ወደ ውስጥ መግባት ይጀምራል። ሆዱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ስለሚውል ለማየት ቀላል ነው፤ ግን ማን ያያል? ዘባል ነዋ! ሲሞት ሌላ ዘባል ይገዛል። እኔ እንደሚመስለኝ ያስራበው ስሙ ነው።

በምሠራበት ቤት የማረባቸው ጺም ያላቸውን፣ አንሲስትረስ የሚባሉትን ነው። ሀገራቸው ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዞች አካባቢ ነው። ከኛ አምባዛ ጋር የሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ ልዩነቱ ገላቸው እንደ አምባዛ ለስላሳ ሳይሆን በጠንካራ የአጥንት ሽፋን የተለበጠ መሆኑ ነው። ገበያው ላይ ጣት አክሎ ተሸጦ በኋላ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚያድግ ሌላ ዓይነት ስላለ ተጠንቀቁ፤ የኔዎቹ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ያቆማሉ። ወንዱ አፍንጫው ላይ ቅርንጫፍ ያለው ጺም ያበቅላል፤ ሴቷ ወይ የላትም ወይ አጭር ነው። የቤቱ ልጅ «አቡ ሸነብ» ይለዋል፣ ባለ ሪዙ እንደማለት። ከዘባል ይሻላል።

ከሀገር ያመጣሁት ጀበና አንገቱ ሲሰበር አጥቤ አኳሪየሙ ውስጥ አጋደምኩት። አቡ ሸነብም ገብቶ ቤቱ አደረገው። ውሃ ስቀይር ከቧንቧ በቀጥታ አልጨምርም፤ በሐምሌና በነሐሴ ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር የሚመጣው «ቀዝቃዛ» ውሃ እንዴት እንደሚያቃጥል ታውቃላችሁ። በባልዲ ቀድቼ ኤሲ ያለበት ክፍል አሳድረዋለሁ፤ ክሎሪኑም ይወጣለታል። ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ሲገባላቸው ዝናብ የመጣ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ እንቁላል የሚጥሉት ያኔ ነው። ሴቷ ገብታ ብርቱካንማ እንቁላሎቿን ጀበናው ግድግዳ ላይ አጣብቃ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ጉዳይ የላትም። አባትየው ግን በሩ ላይ ሆኖ ቀን ከሌት በክንፉ ያራግባል፤ ንጹሕ ውሃ እንዲደርሳቸው፣ ሻጋታ እንዳይበላቸው። እንደ ሙቀቱ ከ4 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይፈለፈላሉ። ከተፈለፈሉም በኋላ ሆዳቸው ሥር ያለውን አስኳል እስኪጨርሱ አንድ ሳምንት ያህል እዚያው ናቸው። ይህን ሁሉ ጊዜ እሱ ከጀበናው እምብዛም አይወጣም።

መስታወቱን መጥረግም ይቀራል ማለት ነው። አረንጓዴው ሲበዛ ማማ አየችና «ዘባሉ ሥራ አቆመ እንዴ? ሌላ እናምጣ?» አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ጥያቄዋ ግን ውስጤ ገብቶ ቀረ። ይህ ዓሣ በነዚህ ሁለት ሳምንታት ለቤቱ ምንም አይሠራም። ታዲያ ኩሳ ተቆርጦ ሊሰጠው ይገባል? የሚገባ ከሆነስ ለምን?

አንዷን ጓደኛዬን ብጠይቃት «ነገ ተመልሶ ያጸዳ የለ? ለዚያ ነዋ» አለችኝ። አልጣመኝም። ባይመለስስ? ቢያረጅስ? ሌላዋ ደግሞ «ያሳዝናላ» አለች። ማዘን ደግ ነው፣ ግን ሐዘኔታ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይቀራል። ምጽዋትና ዕዳ ለየቅል ናቸው።

የተሻለ መልስ ያገኘሁት ከቤቱ አያት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ በአንዲት ድመት ምክንያት ስለተቀጣች ሴት የተናገሩትን ሙስሊም እህቶቼ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሴትየዋ ድመቷን ዘጋችባት፤ አላበላቻትም፤ ወጥታ ያገኘችውን እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ድመቷ አይጥ ትይዝ ነበር ወይስ ሰነፍ ነበረች የሚል ነገር ታሪኩ ውስጥ የለም። ስሰማው ገባኝ፤ ዕዳው የመጣው ከበሩ ነው። ወንዝ ውስጥ ያለ ዓሣ አንዱ ድንጋይ ላይ ያለው ቢያልቅበት ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ እኔ ምንም ዕዳ የለብኝም። በመስታወት ከዘጋሁበት ሰዓት ጀምሮ ግን ረሃቡ የኔ ጉዳይ ነው፣ ሠራም አልሠራም።

«እኛን ከዓሣ ጋር ልታወዳድሪን ነው?» የምትል እንዳለች አውቃለሁ። አይደለም። ዓሣው ልጅ ጥሎ አልመጣም፣ ደመወዝም አይጠብቅም። ደመወዝ የሥራ ዋጋ ነው፤ በዚህ እንስማማለን። ምግብ፣ መኝታና ሕክምና ግን የሥራ ዋጋ አይደሉም ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ እነዚህን በአሠሪው ላይ ያደርጋቸዋል። እኔ ሳነበው ምክንያቱ ያው በሩ ይመስለኛል፤ አቃማችን በአንድ ከፊል ስም ነው፣ ተነስተን ወደሚቀጥለው ድንጋይ አንሄድም።

አንዲት እህታችን ወገቧን አሟት ዘጠኝ ቀን ተኛች። አትብዪ ያላት የለም፤ ሳህኗ ግን እያነሰ እያነሰ ሄደ። ለምን አትጠይቂም ብላት «አልሠራሁም እኮ፣ ምን ብዬ?» አለችኝ። ከሳህኑ በላይ ያስፈራኝ ይህ ነው። እሷም ራሷን በሥራዋ ስም መጥራት ጀምራለች።

ነገሩን ዐረብ ላይ ብቻ እንዳንለጥፈው ደግሞ። አዲስ አበባ ውስጥ ከገጠር የመጣች ልጅ ስሟ ቀርቶ «ሠራተኛዋ» ተብላ፣ ከተማውን ሳታውቅ፣ ቁልፍ ሳይሰጣት የምትኖርበት ቤት ስንት ነው? ስትታመም ወደ መጣሽበት ሂጂ የምትባለዋስ? በሩን የዘጋው ማነው የሚለው ጥያቄ እዚያም ይሠራል።

ማርባት ደግሞ ዕዳውን ያበዛዋል። በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 100 እንቁላል ሊሆን ይችላል፤ ትንንሾቹ ወደዚህ ዓለም አምጡን ብለው አልጠየቁም። ባሕር ብትጥሏቸው ጨው ይገድላቸዋል፤ በፍሎሪዳና በሜክሲኮ ደግሞ ዘመዶቻቸው ወንዝ ውስጥ ተለቀው የሀገሬውን ዓሣ አስቸግረዋል። ስለዚህ ለሁሉም ቦታ ካላገኘሁ ጀበናውን አወጣዋለሁ፤ ጎሬ ከሌለ እንቁላል የለም ማለት ይቻላል። ያደጉትን የምሰጠው ምን እንደሚበሉ ነግሬ ነው።

ቤታችሁ አኳሪየም ካለ እንዲህ አድርጉ። ከጀምዒያ ከሚመጣው ኩሳ አንድ ቁራጭ ለብ አድርጋችሁ ቀቅላችሁ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ አስገቡላቸው፤ በብዛት የሚበሉት በሌሊት ነው። ጠዋት የተረፈውን አውጡ፣ ውሃውን ያበላሸዋል። የሚፍቁት ለአኳሪየም የሚሸጥ ጉቶም ይኑራቸው። አባትየው እንቁላል ላይ ከሆነ ኩሳውን በሩ አጠገብ አድርጉለት። ላይነካው ይችላል፣ በዚያ ሰሞን ብዙም አይበላም። ቢሆንም አስቀምጡለት።