የስኳሩ ዕዳ

መሳለሚያ፣ ከገበያው ግርግር ዐረፍ ብለን ሻያችንን ስናማስል፣ ስኳሩ የበቀለበትን ምድር አናስብም። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሸፍኗል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ከአዋሽ ተጠልፎ እርሻውን ካጠጣ በኋላ የሚሰርገው የመስኖ ውሃ ነው። ጨዋማው ሐይቅ የከረዩን ግጦሽ ውጧል። ከረዩ ደግሞ ቀድሞውንም ለሸንኮራ አገዳውና ለአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መሬቱን የለቀቀ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ጥቅሙ የብዙኃን ከሆነ፣ ጉዳቱ የጥቂቶች ብቻ ሊሆን ይገባልን? ውሃ የእርሻ አጥር አያውቅም። አጥሩ ላይ የሚቆም ዕቅድ፣ ትርፉን ለራሱ ቆጥሮ ኪሳራውን ለጎረቤት ያወርሳል። የአካባቢ ዕቅድ ፍትሐዊ የሚሆነው አርብቶ አደሩን፣ ግጦሹንና ሐይቁን ከምርቱ ጋር በአንድ መዝገብ ሲያሰፍር ነው። እስከዚያው መሳለሚያ የምንጠጣው ሻይ ዕዳ አለበት።