የማይታወስ ሕመም

ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። አንዱ የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ተበልቶ ሥሩ መግል ቋጥሯል፤ ጉንጩ አብጧል። ሦስት ሌሊት አልተኛም፤ እናቱም አልተኛችም። የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ገና መብራቱ ሳይበራ ከንፈሩን ገጥሞ ይዟል። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው፣ እናት እግሩን፣ ረዳቷ ራሱን፣ ሐኪሙ መንጋጋውን ይዘው ጥርሱን በጉጠት ነቅለው መገላገል ነው። ሁለተኛው፣ ፍርሃቱን የሚያለዝብ ሽሮፕ ወይም ጋዝ ሰጥቶ፣ ድዱን በመርፌ አደንዝዞ መሥራት ነው። ሦስተኛው፣ በሙሉ ሰመመን አስተኝቶ፣ ምንም ሳያውቅ ሠርቶ መቀስቀስ ነው።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው። ምክንያቱ ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለኢኮኖሚ ሊቃውንት በተተወ ነበር። ነገር ግን ከድህነቱ ጎን አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ትቆማለች፤ «ልጅ ነው፤ ይረሳዋል» የምትል። ይህች ዓረፍተ ነገር ያለ ብዙ ምርመራ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ስትተላለፍ የኖረች ፍልስፍና ናት።

ሰመመን ወደ ሕክምናው ዓለም የገባው በጥርስ በር መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዲሴምበር 1844 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የሃርትፎርድ ከተማ ነዋሪ የነበረው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ፣ አንድ የትርኢት አዘጋጅ ለሕዝብ መዝናኛ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን የሳቅ ጋዝ ሲያስምግ ተመለከተ። ጋዙን ከሳቡት አንዱ እግሩን ተጋጭቶ ሲቆስል ሕመሙ አልተሰማውም። ዌልስ በማግስቱ ጋዙን ስቦ የገዛ ጥርሱን በሙያ ባልደረባው አስነቀለ። በቀጣዩ ወር ቦስተን ላይ ለሐኪሞችና ለተማሪዎች ሊያሳይ ሲሞክር ግን ታካሚው ጮኸ፤ ተመልካቹም ተሳለቀበት። በ1846 ሌላው የጥርስ ሐኪም ዊልያም ሞርተን በዚያችው ከተማ በኤተር ተሳካለት፤ ዝናውም ወደ እርሱ ሄደ። ዌልስ በጃንዋሪ 1848 ኒውዮርክ ውስጥ እስር ቤት ሳለ ራሱን አጠፋ። ከአራት ቀን በኋላ በሰሜን እንግሊዝ ሐና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት ልጅ የእግር ጥፍሯ እንዲነቀል ክሎሮፎርም ተሰጣትና በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ክሎሮፎርም ለሰመመን ማገልገል ከጀመረ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። ምሕረቱና አደጋው አብረው እንደ መንታ ተወለዱ ማለት ይቻላል። ለአንድ ጥፍር፣ ለአንድ ጥርስ ስንት አደጋ ይገባል የሚለው ጥያቄም የዚያን ጊዜ እንደ ተነሣ አለ።

ይሁን እንጂ ምሕረቱ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። እስከ 1980ዎቹ ድረስ በታላላቅ ሆስፒታሎች ጭምር አራስ ሕፃናት ከጥቂት ሰመመን ጋር ወይም ያለ ሰመመን ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። በ1985 በአሜሪካ አንዲት እናት፣ ያለ ጊዜው ተወልዶ በልቡ አጠገብ ያለ የደም ሥር የተቋጠረለት ልጇ የተሰጠው ጡንቻን የሚያሽመደምድ መድኃኒት ብቻ እንደ ነበረ ከሞተ በኋላ ተረዳች። መንቀሳቀስ አልቻለም፤ ሕመሙን ግን የሚከለክልለት ነገር አልነበረም። በ1987 በኦክስፎርድ ይሠራ የነበረው ትውልደ ሕንዳዊው ሐኪም ካንዋልጂት አናንድ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በቀዶ ሕክምና ወቅት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሲጨመርላቸው የሰውነታቸው ጭንቀትም ከዚያ በኋላ የሚገጥማቸው ችግርም እንደሚቀንስ አሳየ። ያ ሁሉ ምሁር የሕፃን ጩኸት ሕመም መሆኑን ለማመን የደም ምርመራ አስፈለገው። ከዚያ በፊት የነበረው መከራከሪያ ሁለት ነበር፤ ሰመመኑ ለጨቅላ አካል አደገኛ ነው የሚለውና፣ ያው፣ «አያስታውሱትም» የሚለው።

ከፕሮፌሰሮቹ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ የመንደር አዋቂም የምትለው ከዚህ አይለይም። በኢትዮጵያ ግግ ማስወጣት የሚባለው፣ በታንዛኒያ የናይለን ወይም የፕላስቲክ ጥርስ፣ በኡጋንዳ ኤቢኖ በሚል ስም የሚታወቀው ልማድ አንድ ነው። ጨቅላው ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው፣ ገና ያልበቀለው የክራንቻው ጥርስ ድዱን አሳብጦ ሲታይ፣ የበሽታው ምንጭ እርሱ ነው ተብሎ በስለት ወይም በጋለ ብረት ተቆፍሮ ይወጣል። ማደንዘዣ የለም። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ከሥር የሚጠባበቀው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። ወደ እስራኤል በሄዱት የቤተ እስራኤል ልጆች አፍ ውስጥ የዚያ አገር ጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ የክራንቻ ጉድለት አግኝተውታል። ልጇን ወደ አዋቂዋ የምትወስደው እናት ጨካኝ አይደለችም፤ ተቅማጥ ልጅ በሚገድልበት አገር ልጇን ለማዳን የምትሮጥ ናት። ስለ ሕመሙ ስትጠየቅ ግን መልሷ ያው ነው። ይረሳዋል።

ለመሆኑ የማይታወስ ሕመም ማንን ይጎዳል? ይህ ጥያቄ የፈላስፋ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል የሚያደርግ አንድ መድኃኒት አለ። ሚዳዞላም ይባላል፤ ለሕፃናት የጥርስ ሕክምና ብዙ ጊዜ በሽሮፕ መልክ ይሰጣል። የጠጣው ልጅ ይፈዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ ሲጠሩት ይመልሳል፤ ሊያለቅስም ይችላል። በነጋታው ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ምንም የማያስታውስም አለ። መድኃኒቱ ፍርሃትን ያበርዳል፣ መታሰቢያን ይደመስሳል፤ ሕመምን ግን አይከለክልም። ለዚህ ነው ድዱ በሊዶኬይን ካልደነዘዘ ልጁ ሕመሙን በሙሉ ተቀብሎ፣ በሙሉ ሊረሳው የሚችለው።

ሰነፍ ሐኪም እዚህ ላይ ሊፈተን ይችላል። መርፌው ልጁን ያስለቅሳል፤ ጊዜ ይወስዳል፤ መግል በቋጠረ ሥጋ ላይ ደግሞ ማደንዘዣው እንደሚፈለገው አይሠራም። ሽሮፑ ብቻውን ቢበቃስ? ልጁ ነገ እየሳቀ ይመጣል፤ እናቲቱም ታመሰግናለች። በዚህ ክርክር መሠረት የተጎዳ የለም፤ ጉዳት ተሸካሚ ይፈልጋልና፣ ነገ የሚነቃው ልጅ ምንም አልተሸከመም።

የዚህ ክርክር ድካም ሕመምን እንደ ዕዳ መዝገብ መቁጠሩ ነው፤ መዝገቡ ከተቃጠለ ዕዳው የለም ይላል። ሕመም ግን የሚኖረው በሚሰማበት ሰዓት ነው። በሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው የመጨረሻ ሰዓት ሥቃዩን ነገ አያስታውሰውም፤ ነገ የለውምና። ስለዚህ ሥቃዩ ከንቱ ነው፣ ማስታገሻም አያሻውም የሚል ሰው አይገኝም። በዕድሜ ብዛት አእምሮዋ የሳተ አያት ትናንት የተመታችውን ስለረሳች መምታቱ የተፈቀደ አይሆንም። ለሽማግሌው የማይሠራው አመክንዮ ለሕፃኑ የሚሠራው በምን ሒሳብ ነው? ምናልባት ልጅ ገና ሙሉ ሰው አልሆነም ተብሎ ስለሚታሰብ ይሆናል። «ሕፃናት የነገ አገር ተረካቢዎች ናቸው» የሚለው በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ የሚጻፍ መፈክር ቅን ነው፤ ነገር ግን የልጁን ክብር ከነገው ይበደራል። ወንበሩ ላይ ያለው ልጅ ዛሬ ነው የሚያመው።

ደግሞም ሁሉም አይረሳም። በአምስት ዓመቱ ተይዞ ጥርሱን የተነቀለ ሰው በአርባ ዓመቱ ጉንጩ አብጦ እንኳ ወደ ሐኪም ላለመሄድ ምክንያት ሲደረድር ይታያል።

እንግዲያውስ ሁሉንም ልጅ ማስተኛት ነው? እዚህ ላይ የሐና ግሪነር ጥላ ይመለሳል። የሕፃን ምላስ ከአፉ አንጻር ትልቅ፣ የአየር መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ሰውነቱም ኦክስጅን ቶሎ ይጨርሳል። መተንፈሱ ቢቆም ያለው ጊዜ ከአዋቂው እጅግ ያጠረ ነው። በዚህ ምክንያት ብሪታንያ ከ2001 ማብቂያ ጀምሮ ለጥርስ ሕክምና ሙሉ ሰመመን ከሆስፒታል ውጭ እንዳይሰጥ አድርጋለች። በ2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ከሦስት ሰዓት በላይ የሚቆይ ወይም የሚደጋገም ሰመመን የአእምሮ እድገትን ሊነካ ይችላል ሲል አስጠንቅቋል፤ በ2019 ይፋ የሆነ በሰባት አገሮች የተካሄደ ጥናት ደግሞ ከአንድ ሰዓት ያነሰ አንድ ጊዜ የተሰጠ ሰመመን በአምስት ዓመታቸው በማሰብ ችሎታቸው ላይ ያመጣው ልዩነት እንደሌለ አሳይቷል። የላንሴት የቀዶ ሕክምና ኮሚሽን በ2015 እንደገመተው አምስት ቢሊዮን ሕዝብ ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅሙ የሚችለው ቀዶ ሕክምናና ሰመመን አያገኝም። የልጁን ትንፋሽ ብቻ የሚጠብቅ የሠለጠነ ሰው በሌለበት ክፍል ልጅን ማስተኛት ርኅራኄ ሊባል አይችልም።

ርኅራኄ ራሱም ይሳሳታል። ከሰመመን በፊት ለስድስት ሰዓት ምግብ፣ ለአራት ሰዓት የእናት ጡት፣ ለሁለት ሰዓት ውኃ መከልከል ግድ ነው፤ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ልጁ በረሃብ ሲያለቅስ ግን አያት በጓዳ በኩል ጥቂት ወተት ታቀምሰዋለች፤ ስትጠየቅም «ምንም አልቀመሰ» ትላለች። ይህን ያህል በፍቅር የሚደረግ፣ ይህን ያህልም አደገኛ የሆነ ውሸት ጥቂት ነው።

ሌላው ውሸት «አያምህም» የሚለው ነው። ወላጅ ስለ ልጁ ሊፈርም ይችላል፤ ልጁ ስለ ራሱ መፈረም አይችልም። ስለዚህ ለልጁ የሚቀረው ብቸኛ መብት እውነቱን መስማት ነው። መርፌው ይወጋል፤ ጥቂት ያማል፤ ከዚያ ይደነዝዛል። ይህን የሰማ ልጅ ሊያለቅስ ይችላል፤ ያልተታለለ ለቅሶ ግን ከተታለለ ለቅሶ ይለያል።

ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄው እስከዚህ እንዳይደርስ ማድረግ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ዘገባ 514 ሚሊዮን ሕፃናት የወተት ጥርሳቸው የተበላ መሆኑን ገምቷል። ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ከዚሁ አካባቢ የተገኘ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረው ዘዴ የተበላውን ክፍል ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ መሰርሰሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ መርፌ በእጅ መሣሪያ ጠርጎ በሚጣበቅ ሲሚንቶ ይደፍነዋል። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድም ሲቀባ መበላቱን ያስቆማል፤ የተበላውን ቦታ ግን ያጠቁረዋል። ጥቁር ጥርስ ያሳፍራል በማለት የሚቃወሙ ወላጆች አሉ። ለማን ነው የሚያሳፍረው ብሎ መጠየቅ ነገሩን ያቀለዋል።

ወንበሩ ላይ ላለው ልጅ ግን ይህ ሁሉ ዘግይቷል። ጉንጩ አብጧል፤ ጥርሱ ዛሬ መውጣት አለበት፤ በከተማዋ ሰመመን ሰጪ የለም። ሐኪሙ መስተዋቱን በእጁ አስያዘው፤ መርፌውን ሳይደብቅ አሳየው፤ «ሲያምህ እጅህን አንሣ፤ አቆማለሁ» አለው። እናቲቱ እግሩን ለመያዝ ጎንበስ ስትል «ተይው እናቴ፤ አይያዝ» አላት። ልጁ እጁን አነሣ፤ ሐኪሙ አቆመ። ደግሞ አነሣ፤ ደግሞ አቆመ፤ ማደንዘዣም ጨመረለት። ሦስተኛው ላይ ጥርሱ ከሥሩ ተላቆ በጉጠቱ አፍ ውስጥ ነበር፤ ማቆም ሕመሙን ማርዘም ነው። ሐኪሙ አላቆመም።

ልጁ ጥጡን ነክሶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «እጄን አንሥቼ ነበር እኮ» አለ።

«አዎ» አለ ሐኪሙ፤ «አይቻለሁ።»