ባለቤቱ የሌለበት መንደር



እንደሚታወቀው ከማኅበረሰባችን ብዙ ወጣቶች ወደ ጎንደር እየሄዱ ወላጆቻቸው የተወለዱባቸውን መንደሮች ሲጎበኙ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል ውጊያ ከተነሣ ወዲህ መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። ጥያቄው ግን መንገድ ስለ ተቸገረ አይቀርም። ሰው ባለቤቶቹ የሌሉበትን መንደር በአስጎብኚ እየተመራ በአንድ ቀን አይቶ መመለሱ ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ፣ የሚያየው ሰው በቦታው ለሌለው ባለቤት ምን ዕዳ አለበት?

በዚህ ዓይነት ጉብኝት ፈረንሳዮች ከእኛ በፊት ብዙ ርቀው ሄደዋል። በፕሮቫንስ እንደ ጎርድ ያሉ፣ ኮረብታ ላይ የተሠሩ የድንጋይ መንደሮች አሏቸው። የጥንት ሰዎች ወደ ላይ የወጡት ጠላትን ለመከላከል ነበር። ዘመኑ ሲረጋጋ ከብዙዎቹ መንደሮች ሰው ወደ ሜዳውና ወደ ከተማው ወረደ፤ ዛሬ ቱሪስቱ በአውቶቡስ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተ፣ የፈረንሳይ እጅግ ውብ መንደሮችን የሚያሰባስብ ማኅበር አለ። አባል የሚሆን መንደር ሕዝቡ ከ2,000 መብለጥ የለበትም። የሰው ማነስ ለውበት መስፈርት መሆኑ ያስገርመኛል። ቢሆንም እዚያ ከንቲባ አለ፤ አስጎብኚው ቢሳሳት ከደጃፋቸው ተቀምጠው «የለም፣ እንዲህ አልነበረም» የሚሉ ሽማግሌ አይጠፉም።

የወለቃ ነገር ግን ሌላ ነው። ወለቃ ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ቱሪስት «የፈላሻ መንደር» እየተባለ ይወሰድባታል፤ በጎጆዎቹ ላይ የዳዊት ኮከብ ተስሎ ይታያል። ሰዎቹ ግን የሉም። ከፊሎቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል ሄዱ፤ ሌሎቹ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ባጓጓዘው በዘመቻ ሰሎሞን ወጡ። አሁን ሸክላውን እየሠሩ የሚሸጡት በአብዛኛው ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ስለ ሸክላው ትንሽ ልቆይ። ወገኖቻችን ርስት ስለ ተከለከሉ እንጀራቸው ሸክላና ብረት ሥራ፣ ሽመናም ሆነ። በዚያው ሙያ «ቡዳ» ተባሉ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ተወራባቸው። ጋኑንና ምጣዱን የሚገዛው ሰው ሠሪዋን ይፈራት ነበር። ዛሬ ያው ጭቃ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በቱሪስት ሻንጣ ሆኖ ወደ አውሮፓና ወደ ቴል አቪቭ ይሄዳል።

ከእኛ መካከል «ጎረቤቶቻችን በስማችን ይነግዳሉ» ብለው የሚቆጡ አሉ። በበኩሌ አልስማማም። ትንንሾቹን የሸክላ ምስሎች ለቱሪስት መሥራት የጀመሩት ጎረቤቶቻችን አይደሉም። ከመውጣታችን በፊት የወለቃ እናቶች ራሳቸው ገበያው የጠየቀውን ይሠሩ ነበር፤ ኮከቡንም ጨምረው። ዛሬ ያቺ ሴት ጭቃ ረግጣ፣ ቅርጽ አውጥታ፣ ተኩሳ ልጆቿን ብታበላ ምን በደለች? በደል የሚሆነው ለመሸጥ ስትል «እኔም ቤተ እስራኤል ነኝ» ያለች እንደሆነ ነው። በዚያም ቢሆን ጥፋቱን ከገዢው ጋር ትካፈለዋለች፤ ገዢው ያን መስማት ይፈልጋልና።

ከባዱ ነገር ያለው ከአስጎብኚው ዘንድ ነው። መኪናው ለሃያ ደቂቃ ይቆማል። «ይህ ጸሎት ቤታቸው ነበር፤ ያ የመርገም ጎጆ ነበር» ይባላል። መንደሮቻችን ለምን ወንዝ አጠገብ እንደ ተሠሩ፣ ሴቲቱ ከጎጆው ወጥታ በወራጅ ውኃ ሳትነጻ ወደ ቤቷ እንደማትመለስ ካልተነገረ፣ ጎጆው ለሚያየው ሰው የንቀት ቦታ ብቻ ይመስለዋል። «የለም» የሚል ሰው በዚያ የለም። የሚያውቁት እናቶችና ቄሶች እዚህ አሽቀሎን፣ ነታንያና ቂርያት መላኪ ባሉ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ስለዚህ ዕዳው በከፊል የእኛ ነው። ሳንጠይቃቸው ቆይተን ወለቃ ያለውን አስጎብኚ «ዋሸህ» ልንለው አንችልም።

እዚህ ላይ ስለምንኖርበት ስለ ሚግዳል ካልተነሣ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል። እ.ኤ.አ. እስከ 1948 ይህ ከተማ አልመጅደል ይባል ነበር፤ ትርጉሙ እንደ ዕብራይስጡ ግንብ ማለት ነው። ወደ 10,000 ገደማ ዐረቦች ይኖሩበት ነበር፤ የታወቀውም በሸማኔዎቹ ነው። በጦርነቱ ብዙዎቹ ሸሹ። ከቀሩት አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ጋዛ እንዲሄዱ ተደረገ፤ ሽመናቸውንም ይዘው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1300 የተሠራው መስጊዳቸው ግን ዛሬም ቆሟል፤ በኋላ ሙዚየምም ምግብ ቤትም ሆኖ አገልግሏል። በነገራችን ላይ ጎንደር ሳለን ጸሎት ቤታችንን «መስጊድ» እንለው ነበር፤ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ከእኛም ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ሸማኔ ነበሩ። ወደ ሸማኔዎች ከተማ መምጣታቸውን የነገራቸው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

«ሁለቱ አንድ አይደሉም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። እኛ ኢየሩሳሌምን ናፍቀን ወጣን፤ 4,000 ያህል ወገኖቻችን በመንገድና በሱዳን ቢያልቁብንም የሄድነው ወደምንፈልገው አገር ነው። እነርሱ ሳይፈልጉ ወጡ። ይህ ልዩነት ግን የመናገር ዕዳችንን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ሌላው ደግሞ «ከዚያ ሮኬት የሚተኮስብን ሆነን ሳለ?» ይላል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ጀምሮ ከተማችን ክፉኛ ተመትታለች፤ ልጁን አቅፎ ወደ መጠለያ የሮጠ ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም። ቁጣው ግን በዚህ ሰፈር ማን ሸማ ይሠራ እንደ ነበር አይለውጠውም። ማን የት መኖር ይገባዋል የሚለውን እኔ በዚህ ገጽ አልፈታውም፤ የምናገረው ስለ መናገር ብቻ ነው። የወለቃዋ ሴት ስለ እኛ እውነቱን ለእንግዳ እንድትናገር የምንሻ ከሆነ፣ እኛስ ስለ መጅደል ሰዎች ለልጆቻችን ምን ብለናል?

መንገዱ ሲከፈት በማኅበራችን የጎንደር ጉዞ ቢዘጋጅ አንድ አሳብ አለኝ። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን እዚሁ ሚግዳል ይሁን፤ ከገበያው ተነሥቶ እስከ መስጊዱ። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አብረው ይሂዱና ድሩንና ማጉን፣ መወርወሪያውንም ለወጣቶቹ ያስረዱ። ወለቃ ሲደርሱ ደግሞ ፎቶግራፉ ይቆያቸውና ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ዘንድ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጡ። ስሟን ይጠይቋት። እናቷ ስለ ቀድሞ ጎረቤቶቿ ምን ትል እንደ ነበርም ይጠይቋት። ደስ የማይል ነገር ልትነግራቸው ትችላለች። ጨርሳ ትናገር፤ አውቶቡሱ ይጠብቃል።