የሚወረስ ጽሕፈት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ብሂሉ። ይህ በተባለበት ዘመን ጽሑፍ የእጅ ሥራ ነበር፤ ስለዚህም የተጻፈ ሁሉ የሚቀር ይመስል ነበር። ዛሬ ሰው ከማለዳ እስከ ማታ በስልኩ ሲጽፍ ይውላል፤ ሆኖም ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር ብዙው ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ለልጅ የሚወረሰው የትኛው ነው?

ጥያቄውን ለመመርመር ኪኩቦ የተመቸ ስፍራ ነው። በካምፓላ መሐል የሚገኘው ይህ ጠባብ የጅምላ ንግድ ሰፈር ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ ዘይቱንና ሩዙን ከየአውራጃው ለሚመጡ ቸርቻሪዎች ያከፋፍላል። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2009 በተንቀሳቃሽ ስልክ ገንዘብ መላክ ከተጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ በኪስ ተይዞ ይመጣ የነበረው ገንዘብ በአጭር መልእክት ይደርሳል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ነጋዴውን ገንዘብ ተሸክሞ ከመጓዝ ሥጋት ያሳርፋል።

የዱቤ ደብተር ግን ስልኩ የማይዘውን ነገር ይይዛል። በደብተር ላይ የተከፈለ ዕዳ በመስመር ይሰረዛል እንጂ አይጠፋም፤ ከመስመሩ ሥር ስሙም መጠኑም ይነበባል። ባለዕዳው ችግር ደርሶበት የተማረለት ዕዳ ከሆነም፣ ያ መስመር የምሕረቱ ምስክር ሆኖ ይኖራል። ከስልክ የተሰረዘ ግን እንዳልነበረ ይሆናል፤ ዕዳውም ይቅርታውም አብረው ይጠፋሉ።

የኢትዮጵያ አበው ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የመሬት ስጦታና ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ፣ የምስክሮች ስም ተዘርዝሮ ይጻፍ ነበር። «ወንጌል ዘወርቅ» የሚባሉት መጻሕፍት ለዚህ ምሳሌ ናቸው። እርግጥ ብራናም ይፋቃል። መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የተተካበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የተፋቀው ቦታ ራሱ ምልክት ስለሚተው፣ የኋላ መርማሪ «እዚህ ሌላ ሰው ነበር» ለማለት ይችላል።

በአማርኛ ጽሑፍና ጽሕፈት ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ጽሑፍ የተጻፈው ቃል ነው፤ ጽሕፈት የመጻፉ ተግባርና የእጁ መልክ ነው። ጽሑፍ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይተረጎማል፣ ለሺህ ሰው ይላካል። ጽሕፈት ግን አይተረጎምም። በካባላጋላ ለሚኖር ልጇ አንዲት እናት የበርበሬ አሠራር በወረቀት ጽፋ ላከች እንበል። ልጁ መጠኑን በስልክ ጠይቆ ሊያውቀው በቻለ ነበር። በወረቀቱ ላይ ግን የእጇ መንቀጥቀጥ፣ ተሳስታ የሰረዘችው ቃል፣ ረስታ ከዳር የጨመረችው ኮረሪማ አለ። ያን ዕለት ለእርሱ ስትል ተቀምጣ እንደነበር ወረቀቱ ይመሰክራል። እርሷ ካለፈች በኋላ ልጁ ወረቀቱን የሚያወጣው በርበሬ ለማዘጋጀት ብቻ አይሆንም።

«ወረቀትም ይቃጠላል፣ ውኃም ይበላዋል» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። በስደት ቤት የቀያየረ ሰው ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ለዚህ መፍትሔው ከመሣሪያ መሸሽ አይደለም። የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ፣ የብዙ ሺህ መጻሕፍት ምስል ተቀምጧል። ዛሬ ያንኑ ሥራ በትንሹ በኪስ ስልክ ማከናወን ይቻላል። ዳሩ ግን ምስሉ ሊያተርፍ የሚችለው አስቀድሞ እጅ የጻፈውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ምርጫው በስልክና በወረቀት መካከል አይደለም። የኪኩቦ ሒሳብ በስልክ ይሂድ፤ የሚያስቸኩለውም ዜና እንዲሁ። ለልጅ የሚነገር ምክር፣ ለወዳጅ የሚቀርብ ይቅርታ፣ ለሟች ቤተሰብ የሚላክ የማጽናኛ ቃል ግን የአንድ ገጽ ወረቀትና የግማሽ ሰዓት ዋጋ አላቸው። ያን ግማሽ ሰዓት የነፈገ ሰው መልእክቱን አድርሷል፤ እጁን ግን አላወረሰም።