ጥንቃቄ ፍርሃት ነውን?

ከመካነ ሰላም ደጋ ላይ ቆሞ ስለ መርከብ ሠራተኛ ማሰብ ለአንዳንዱ አንባቢ ቅብጠት መስሎ ሊታየው ይችላል። ወደብ የሌለው አገር፣ ያውም ደጋ! ዳሩ ግን ነገሩ ከምናስበው ይልቅ ቅርብ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቃንን እያሠለጠነ ለውጭ መርከቦች ሲያበቃ ቆይቷል። ነገ ከመካከላችን ማን በዚያ መንገድ እንደሚሄድ ማን ያውቃል?

ለመሆኑ ሰው በሥራው ላይ ሲጎዳ ‹‹ቢጠነቀቅ ኖሮ›› ማለት ይበቃል ወይ? ወይስ የቀን ጎዶሎ ነው ብለን እንለፈው?

በመጀመሪያ አደጋው ራሱ ምን እንደሚመስል እንይ። በመርከብ ሆድ ውስጥ ለሚዛን የባሕር ውሃ የሚሞላባቸው ታንኮች አሉ። ታንኩ ተዘግቶ ሲከርም ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም የአየሩን ኦክሲጅን ይበላል። የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶ ኦክሲጅን አለው፤ ያ መጠን እጅግ ሲያንስ ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። እህሉን በጉድጓድ የሚያከማች ገበሬ ይኽን ያለ ትምህርት ቤት ያውቀዋል፤ ጉድጓዱን እንደከፈተ ዘሎ አይገባም፣ መጀመሪያ ያናፍሰዋል። እንግዲህ ይኸ ገበሬ ፈሪ ነው? ማንም እንዲህ አይለውም።

በመርከብ ላይ ግን ሌላ ነገር ይከተላል። አንዱ ታንክ ውስጥ ሲወድቅ ጓደኛው አይቶ አያስችለውም፤ ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም እዚያው ይቀራል። አንዳንዴ ሦስተኛም ይከተላል። ይኽን ሰው ጀግና እንለዋለን፤ ፍቅሩም እውነተኛ ነው። ይሁንና ፍቅር አየርን አይለውጥም። ደወል መትቶ፣ መተንፈሻ መሣሪያ የታጠቀ ሰው እስኪመጣ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ የጓደኛን ስም እየጠሩ አለመግባት፣ እኔ እንደሚመስለኝ ከመዝለል ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህም ነው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መርከበኞች ይህንኑ በየሁለት ወሩ እንዲለማመዱ ዓለም አቀፍ ደንብ የሚያስገድደው። ድፍረት ብቻውን ሕይወት አያድንም፤ ልምምድ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ይነሳል፦ ‹‹ታዲያ መርከበኛው አልገባም ይበላ!›› ጥሩ። ግን ማን ነው አልገባም የሚለው? ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወር የቀረው፣ እናቱ ከሚልከው ገንዘብ የምትኖር፣ አለቃውን ቀና ብሎ ማየት የሚያሳፍረው ልጅ? ይሉኝታ የሚባለው ነገራችን በሠርግና በለቅሶ ያምርብናል፤ በታንክ አፍ ላይ ግን ይገድላል። ደግሞስ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው እንዴት ይጠንቀቅ? በ2013 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ቢያንስ 10፣ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕረፍት ነፍጎ ‹‹ተጠንቀቅ›› ማለት ዓይን አስረው መንገድ እንደ ማሳየት ነው።

መናገር ብቻውንም እንደማይበቃ አንድ ታሪክ ይመሰክራል። በማርች 1987 እ.ኤ.አ. ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ የፊት በሯን ሳትዘጋ ከቤልጂግ ወደብ ወጥታ ተገለበጠች፤ 193 ሰዎች አለቁ። በሩን የሚዘጋው ሠራተኛ በክፍሉ ተኝቶ ነበር። ‹‹ይኸው ጥፋተኛው!›› ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ከአደጋው በፊት ካፒቴኖች በሩ መዘጋቱን የሚያሳይ መብራት እንዲገባላቸው ጠይቀው ኩባንያው ችላ ብሏቸው ነበር። ምርመራውም ጥፋቱ ከተኛው ሠራተኛ አልፎ እስከ ሥራ አመራሩ እንደሚደርስ ገለጸ። ከዚያ በኋላ የመጣውና በ1998 እ.ኤ.አ. መጽናት የጀመረው የደኅንነት ሥርዓት ኩባንያውንም ተጠያቂ አደረገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም፣ ጩኸቱ ለሚቀጥለው ጅብ ይጠቅማል።

የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 1156/2011) በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ የሞራል ሐሳብ አለ፦ ከሥራው ጥቅም የሚያገኝ ከአደጋው ሸክምም ይካፈል። ፍትሐዊ ነው። ሆኖም ካሣ የተቆረጠ ጣት አያበቅልም። ከካሣ በፊት የሚመጣው ጥንቃቄ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

እንግዲህ ጥንቃቄ ፍርሃት አይደለም። የአንድ ሰው ጠባይ ብቻም አይደለም። ታዛዡ የሚናገርበት፣ አዛዡ የሚሰማበት ማኅበራዊ ውል ነው። ‹‹ነግ በኔ›› የምንለውም ይኸው ነው።

ይኽ ለእኛ ምናችን ነው? ወደ ታንክ ከመገባቱ በፊት ‹‹አየሩ ተለክቷል›› የሚል ወረቀት ይፈረማል። የሚፈርመው የተማረ ሰው ነው፤ ማለትም የእኛ ቢጤ። እኛ ደግሞ ክፍል ላልገባ ጓደኛ በስሙ መፈረምን እንደ ደግነት የምንቆጥር ነን። ‹‹ምን አለበት?›› እንላለን፤ እዚህ እርግጥ ማንም አይሞትም። ዳሩ ግን ያላየውን አየሁ ብሎ መፈረም የለመደ እጅ መርከብ ላይ ሲደርስ በምን ይታረማል? መለኪያው እጁ ላይ እያለ፣ አለቃው ‹‹ቶሎ በል›› እያለው፣ ታች የሚወርደው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ? እዚያ ላይ ፊርማ የአንድ ሰው ትንፋሽ ነው።