የጁሙዓ ማስታወሻ፦ በር አንኳኩቶ መጠበቅ





ከእናንተ ከወጣቶቹ ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። አቀራረቡ ይለያይ እንጂ ጉዳዩ አንድ ነው። «ኡስታዝ፣ ለጀማዓችን መጽሔት ጽሑፍ ከሰጠሁ ሁለት ወር ሞላኝ። ተቀብለናልም አላሉኝ፣ አይሆንምም አላሉኝ። ሰው እንዲህ ይናቃል?» ይሉኛል። መጽሔቱን የሚያዘጋጁት ልጆች ደግሞ በበኩላቸው «ኡስታዝ፣ ከትምህርታችን በተረፈች ሰዓት ነው የምንሠራው። ክፍያ የለን፣ ምስጋና የለን፤ ወቀሳው ግን በየቀኑ ነው» ይሉኛል።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በዚህ ሰበብ ሰላምታ ያቋረጡ ወንድማማቾች አሉ። ብዕራቸውን ጥለው የቀሩ ልጆች አሉ። ሰልችቷቸው ኺድማውን የተዉ አዘጋጆችም አሉ። እስቲ ዛሬ አብረን እናስብበት። ያለ ክፍያ፣ በፈቃዱ የሚያገለግል ሰው ምን ግዴታ አለበት? ከእርሱ መልስ የሚጠብቀውስ ሰው ምን ሐቅ አለው?

ጽሑፍን ለሌላ ሰው መስጠት በር እንደ ማንኳኳት ነው። ስለ በር ማንኳኳት ደግሞ ዲናችን ዝም አላለም። በሱረቱ አን-ኑር 27ኛውና 28ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱብሓነሁ ወተዓላ) ምእመናን የራሳቸው ወዳልሆነ ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገቡ ያዛል። ተመለሱ ከተባሉም እንዲመለሱ፣ መመለሳቸውም ለእነርሱ የጠራ መሆኑን ይነግራቸዋል። ልብ በሉ፤ የቤቱ ባለቤት ለምን እንዳልተቀበለን እንዲያስረዳ አልተገደደም። ታሞ ይሆናል፣ ቤቱ አልተሰናዳለት ይሆናል፣ ልቡ ከብዶት ይሆናል። የእኛ ድርሻ ማስፈቀድ ነው፤ የመፍቀዱ ድርሻ የእርሱ ነው።

በዚህ አንቀጽ ተፍሲር ላይ ቀታዳ (ረሒመሁላህ) ያስተላለፉት አንድ ነገር አለ። ከሙሃጂሮቹ አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ይህችን አንቀጽ በተግባር ሊያውላት ይፈልግ ነበር፤ ግን አልገጠመውም። ምኞቱ ምን ነበር? ከወንድሙ ቤት ሄዶ ሲያስፈቅድ ተመለስ ተብሎ፣ ደስ ብሎት መመለስ! ሱብሓነላህ! እኛ አይሆንም ስንባል ያዋረዱን ይመስለናል። እርሱ ግን በዚያች ቃል ውስጥ የአላህን ትእዛዝ የመፈጸም ዕድል አየ። ልዩነቱ ያለው በሩ ላይ ሳይሆን፣ ሁለታችን በሩ ላይ ይዘነው በሄድነው ኒያ ላይ ነው።

«እሺ፣ አይሆንም ካሉኝስ እመለሳለሁ። ግን ዝም ሲሉኝ ምን ላድርግ?» ትሉ ይሆናል። ለዚህም መልስ አለ። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ወደ ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ቤት ሄደው ሦስት ጊዜ አስፈቀዱ። መልስ ሲያጡ ተመለሱ። ዑመር በሥራ ተይዘው ነበርና እጃቸው ሲፈታ የአቡ ሙሳን ድምፅ መስማታቸውን አስታውሰው አስጠሯቸው። ለምን እንደተመለሱ ሲጠይቋቸው፣ ሦስት ጊዜ አስፈቅዶ ያልተፈቀደለት ሰው እንዲመለስ ነቢዩ (ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ማዘዛቸውን ነገሯቸው። ዑመር ለዚህ ምስክር ጠየቁ፤ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪም መሰከሩላቸው። ታሪኩ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ከበሩ ጀርባ የነበረው ዝምታ ንቀት አልነበረም፤ ሥራ ነበር። ሁለተኛ፣ አቡ ሙሳ አንድ ጊዜ አንኳኩተው ተኮራርፈው አልሄዱም፤ በሩን እየደበደቡም አላደሩም። ሶብር ማለት ድምፅ አጥፍቶ መቀመጥ አይደለም። መጠየቅ ሐቃችሁ ነው፤ ለመጠየቅም ግን ልክ አለው።

ልክ ያጣ መጠየቅ ምን እንደሚመስል ደግሞ በሱረቱል ሑጁራት እናገኘዋለን። ነቢዩን (ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ከክፍሎቻቸው ውጭ ሆነው እየጮኹ የተጣሩ ሰዎች ነበሩ። አላህ አብዛኞቹ እንደማያስተውሉ ተናገረ፤ ወደ እነርሱ እስኪወጡ ቢታገሡ ኖሮ በላጭ ይሆንላቸው እንደነበርም ነገራቸው። እዚያው ሱራ ውስጥ፣ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ከጥርጣሬ ብዙውን እንድንርቅ ታዘናል። ትእግሥት ያለቀበት ሰው ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ጥርጣሬ ነው፦ «የእነ እገሌን ብቻ ነው የሚያወጡት፣ እኔን ስለማያውቁኝ ነው፣ ሐሳቤን ወስደውት ይሆናል።» ጽሑፋችሁን ያዘገየባችሁ ሰው ጊዜያችሁን ቢወስድ ነው፤ ያለ ማስረጃ የጠረጠራችሁት ሰው ግን ነገ አላህ ፊት ሐቁን ሊጠይቃችሁ ይችላል። የትኛው ኪሳራ ይከብዳል?

አሁን ከበሩ ጀርባ እንግባ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ አዘጋጅ ሠላሳ ጽሑፍ ደርሶታል እንበል። አንዱን አንብቦ፣ ዐረፍተ ነገሩን አቃንቶ፣ የተጠቀሰውን ሐዲስ ከምንጩ አመሳክሮ፣ አስተያየት ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። አሥራ አምስት ሰዓት ማለት ነው። ይህ ልጅ ቀን ይማራል ወይም ይሠራል፤ በሳምንት ከዒሻ በኋላ ሁለት ሰዓት ቢያገኝ ሠላሳውን ለመጨረስ ሰባት ሳምንት ተኩል ይፈጅበታል። ማንንም ሳይንቅ፣ ለማንም ሳያዳላ ሁለት ወር አለቀ! ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ እንኳ አዲስ ጸሐፊዎች የሚያስገቡትን ረቂቅ የሚመረምሩለት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ምርመራው ወራት ሊወስድ እንደሚችል፣ ረቂቆቹም በተወሰነ ተራ እንደማይታዩ ለጸሐፊው አስቀድሞ ይነገረዋል። በነፃ የሚሰጥ ሰዓት የትም አገር ጥቂት ነው።

ታዲያ አዘጋጁ ነፃ ነው ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ለእናንተ ለአዘጋጆቹም ቃል አለኝ።

በአገራችን የሻፊዒይም የሐነፊይም ፊቅህ ይቀራል። ሁለቱ መዝሀቦች የሱና ጾም ጀምሮ ስላፈረሰ ሰው ይለያያሉ። ሻፊዒዮች ዘንድ፣ ሱና ነውና መጨረስ ግዴታ አይሆንበትም። ሐነፊዮች ዘንድ ግን አንዴ ከገባበት መጨረስ አለበት፤ ካፈረሰም ቀዷ ያወጣል። ይህ ስለ ዒባዳ የተነገረ ነው፤ ሑክሙን ወደ መጽሔት ሥራ አላመጣውም። ግን ለማሰላሰል ይጠቅመናል። በፈቃድ የተጀመረ ነገር፣ ከተጀመረ በኋላ እንደ ፈቃድ ብቻ ይቆጠራል ወይ?

ጉዳዩ የሌላ ሰው ሐቅ ሲነካ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። ማሊኪዮች ዘንድ ከታወቁት አቋሞች አንዱ፣ ቃል የተገባለት ሰው ያንን ቃል ተማምኖ አንድ ነገር ውስጥ ከገባ፣ ቃል የገባው ሰው መፈጸም ግዴታ ይሆንበታል የሚል ነው። እንግዲህ «ጽሑፋችሁን አምጡ፣ በሁለት ሳምንት መልስ እንሰጣለን» ብላችሁ ከጠራችሁ፣ ያቺ እህት ቃላችሁን አምና ሌሊቱን ቁጭ ብላ ጽፋለች። አገልግሎቱ በፈቃድ ነበር፤ ቃሉ ግን አማና ሆኗል። ስለዚህ የማትችሉትን ቀን አትቁረጡ። ኢንሻአላህ ስትሉም ማምለጫ አታድርጓት። ካልቻላችሁ «ደርሶናል፣ እንዘገያለን፣ ዐውፍ በሉን» የሚል አንድ መስመር ጻፉ። ያቺ መስመር ስንቱን ሱኡ ዞን ከሥሩ ትነቅለዋለች!

ወደ ጸሐፊዎቹ ልመለስ። መልሱ መጥቶ «ይህ ይስተካከል፣ ይህ ይውጣ» ሲላችሁስ? ኢማም ሙስሊም (ረሒመሁላህ) ሶሒሓቸውን ካዘጋጁ በኋላ ለሐዲስ ሊቁ ለአቡ ዙርዓ አር-ራዚ አቀረቡት። እርሳቸው ዒለል፣ ማለትም የተደበቀ እንከን፣ አለበት ያሉትን ሁሉ እንደተዉት ተዘግቧል። ኢማም ሙስሊም በ261 ዓመተ ሂጅራ ወደ አኺራ ሄዱ፤ ኪታባቸው ግን ከቡኻሪ ቀጥሎ ኡማው የሚተማመንበት ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። ኢማም አሽ-ሻፊዒይም አር-ሪሳላ የተባለውን ኪታባቸውን ደረሳቸው አል-ሙዘኒይ ሰማንያ ጊዜ እንዳነበቡላቸው፣ በየጊዜውም የሚታረም ነገር እንዳገኙ ይተረካል። እነዚህ ተራራዎች እርማትን ከተቀበሉ፣ እኔና እናንተ በሦስት ገጽ ላይ ለምን እንቆጣለን?

በየሐሪማው የቀራችሁ የመጠበቅን ጥቅም ታውቁታላችሁ። ደረሳ ኪታቡን ይዞ ተራው እስኪደርስ ይቀመጣል። ሲጠብቅ ግን ባዶውን አይደለም፤ የሌላውን ቂርኣት ያዳምጣል፣ ሌላው ሲታረም እርሱም አብሮ ይታረማል። ኢብኑ ዐባስ (ረዲየላሁ ዐንሁማ) ሐዲስ ፍለጋ ወደ አንድ ሶሓባ ቤት ሄደው፣ ሰውየው በቀትር ዕረፍት ላይ ከሆኑ ኩታቸውን በሩ ላይ አንጥፈው ይጠብቁ ነበር፤ ነፋሱም አቧራ ያለብሳቸው ነበር። የነቢዩ (ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) የአጎት ልጅ ናቸው፤ ቢያስጠሯቸው ኖሮ ሰውየው ራሳቸው በመጡላቸው። ግን ፈላጊው ወደሚፈለገው መሄድ አለበት ብለው አመኑ። ያ አቧራ ክብራቸውን አልቀነሰውም፤ የኡማው ሊቅ ሆኑ።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ጽሑፍ ስታስገቡ እነዚህን ያዙ፦

ከመስጠታችሁ በፊት የሚቀበሉትን ዓይነትና መልስ የሚሰጡበትን ጊዜ ጠይቁ። በር ከማንኳኳት በፊት የማን በር እንደሆነ ማወቅ ነው።

የጽሑፋችሁን ቅጂ እናንተ ዘንድ አስቀሩ።

የተባለው ጊዜ ካለፈ በትሕትና አስታውሱ። ሰላምታ፣ የጽሑፉ ርእስ፣ የሰጣችሁበት ቀን፤ በቃ። ሦስት ጊዜ አስታውሳችሁ መልስ ካጣችሁ፣ ጽሑፉን ወደ ሌላ ቦታ እንደምትወስዱት ነግራችሁ በሰላም ተመለሱ። ሳትነግሯቸው ለሁለት ቦታ አትስጡ፤ የአንዱን ወገን ድካም ከንቱ ታደርጋላችሁና።

በምትጠብቁበት ጊዜ ሁለተኛውን ጻፉ። ከቻላችሁም «የሌሎችን ጽሑፍ ማንበብ ላግዝ ወይ?» በሏቸው። ከበሩ ጀርባ አንድ ወር የቆየ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አይጮኽም።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁና መልሱን ለየራሳችሁ ልተወው። ያ ጽሑፍ መቼም ባይወጣ፣ ስማችሁም ከሥሩ ባይታይ፣ በመጻፋችሁ ትጸጸታላችሁ? ለአላህ ብላችሁ ከጻፋችሁት፣ እርሱ ዘንድ የደረሰው አዘጋጁ እጅ ከመድረሱ በፊት ነው። የእርሱ በር ወረፋ የለውም። አዘጋጁም ማንም ሳያየው በሌሊት ያቃናት ዐረፍተ ነገር እዚያው ተጽፋለች። ሁለታችሁም ምንዳችሁን የምትጠብቁት ከአንድ ጌታ ከሆነ፣ እዚህ ምድር ላይ ምን ያጣላችኋል?

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ካህፍን እንቅራ፣ በነቢያችን ላይ ሶለዋት እናብዛ። በጽሑፍ ምክንያት ያኮረፋችሁት ወንድም፣ ያስቀየማችኋት እህት ካለች፣ ከመግሪብ በፊት አንድ ሰላምታ ላኩላቸው።

አላህ ሥራችንን በኢኽላስ የተሠራ ያድርግልን። ለሚጠብቁት ሶብርን፣ ለሚያገለግሉት ብርታትን ይስጣቸው። ልቦቻችንን ያስማማልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።