ባህል ከባለቤቱ ምን ይጠይቃል?

ስለ ባህል በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ በቅድሚያ የሚነሣው እንዴት ይጠበቅ የሚለው ጉዳይ ነው። ጭፈራው በፊልም ይቀረጻል፤ አልባሳቱ በሙዚየም ይደረደራሉ፤ ሥርዓቱ በመጽሐፍ ይሰፍራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ሥራ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ከዚህ ቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ። ሰው ባህሉን ይጠብቃል ከተባለ፣ ባህሉስ በበኩሉ ከሰው ምን ይጠይቃል?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከሐዋሳ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ለብዙ ዓመታት የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ርዕሰ ከተማ ሆና የኖረችው ይህች የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ከምባታው፣ ሐዲያው፣ ጉራጌው፣ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ሰፈር አጥር ተጋርቶ ይኖርባታል። ወላይታ ጊፋታን፣ ሐዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን፣ ጋሞ ዮ ማስቃላን ሲያከብር፣ የሲዳማ ሕዝብ ደግሞ የራሱ የዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጫምባላላ አለው።

ፊቼ ጫምባላላ ቀኑ በቁጥር ተቈርጦ የተቀመጠ በዓል አይደለም። አያንቶ የሚባሉት የሰማይ ተመልካቾች ከዋክብትን አይተው ይወስናሉ፤ ውሳኔያቸውም ለየጎሣው ይነገራል። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት መሠረት በዓሉ የአንዲት ሴት መታሰቢያ ነው። ይህች ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ስትጠይቅ፣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተዘጋጀውን ቡርሳሜ ይዛ ትሄድ ነበር፤ ምግቡንም ጎረቤት ሁሉ ይካፈለው ነበር። ዛሬም በበዓሉ መጀመሪያ ቀን ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መልካም ምኞታቸውን ይገልጻሉ፤ የየቤቱ ባለቤቶችም ቡርሳሜ ያቀርቡላቸዋል። የጎሣ መሪዎች ሕዝቡ ተግቶ እንዲሠራና አረጋውያንን እንዲያከብር ይመክራሉ፤ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቈርጥ፣ በሐሰት እንዳይመሰክር፣ እንዳይሰርቅም ያሳስባሉ። ይህ በዓል ኅዳር 2008 ዓ.ም. ዊንድሆክ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ በሰው ልጆች የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት ተመዝግቧል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ለዓይን የሚታየው ጥቂቱ ነው። በጉዱማሌ አደባባይ የሚደምቀው የቄጣላ ጭፈራ በካሜራ ይያዛል፤ በሐሰት አለመመስከር ግን በካሜራ አይያዝም። የሲዳማ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው «አፊኒ?» ማለትም «ሰማችሁ?» ተባብለው ነገርን ሲመረምሩ፣ የሚፈልጉት ሀላሌ ብለው የሚጠሩትን እውነት ነው። ይህን እውነት በመድረክ ላይ ማሳየት አይቻልም፤ የሚቻለው በእርሱ መኖር ብቻ ነው። እንግዲህ የባህሉ የሚታየው ክፍል ልብስ ቢሆን፣ የማይታየው ክፍል ግዴታ ነው። ልብሱን መጠበቅ ወጪው ቀላል ነው፤ ግዴታውን መጠበቅ ግን ከባለቤቱ ዋጋ ያስከፍላል።

ይህ ዋጋ ሳይከፈል ሲቀር ምን እንደሚደርስ ሐዋሳ በራሷ ላይ አይታለች። ሰኔ 2010 ዓ.ም. ልክ በበዓሉ ሰሞን በከተማይቱ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ቤትና ንብረት ወደመ፤ ለዓመታት እሳት የተጫጫሩ ጎረቤቶች ተፈራሩ። እርቅን የሚያዝዘው በዓል በደጅ ሳለ ደም ፈሰሰ። ከዚህ አንዳንዱ ባህል ከንቱ ነው የሚል መደምደሚያ ያወጣል፤ ሌላው ደግሞ ባህሉና ግጭቱ የሚያገናኛቸው የለም ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ባህሉ ምክሩን አላጓደለም፤ ነገር ግን ምክር በራሱ እጅና እግር የለውም። ባህል ሰውን የሚያግደው ሰው ሲታዘዘው ብቻ ነው።

ለዚህ ማስረጃው ከሐዋሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ታየ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግድያ የተቈጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። በእጅ የተያዘው ሣር ከብት የሚግጠው ሣር ነው፤ ኃይሉ ያለው በሣሩ ላይ ሳይሆን፣ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ማለፍ ነውር መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ በተማረው ሰው ኅሊና ውስጥ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ደግሞ ሽማግሌዎቹ በዚያች ሰዓት የተከላከሉት የራሳቸውን ወገን ሳይሆን በመካከላቸው የሚኖረውን ሌላውን መሆኑ ነው።

የባህል ክብር የሚለካበት ሚዛን ከዚህ ላይ ይገኛል። ለወገን መራራት ተፈጥሮም ያስተምረዋል፤ ባህል የሚፈተነው ወገን ላልሆነው ጎረቤት ከባለቤቱ በሚጠይቀው ነገር ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። የፊቼም ትውፊት ራሱ ይህንኑ ይናገራል፤ ሴቲቱ ቡርሳሜውን ያመጣችው ለወላጆቿ ሆኖ ሳለ፣ ምግቡ ከቤተ ዘመድ አልፎ ለጎረቤት ደርሷል።

ይኸው ሚዛን የማይጠቅመውን ልማድም ይለያል። የሴት ልጅ ግርዛትን የመሰለው ልማድ ሁሉንም ከደካማው ይጠይቃል፤ ከጉልበተኛው ግን ምንም አይጠይቅም። ጥቅምት 1996 ዓ.ም. የጸደቀው የማይዳሰስ ቅርስ ስምምነት ከሰብአዊ መብትና ከሕዝቦች መከባበር ጋር የሚስማማውን ቅርስ ብቻ መቀበሉ፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 91ም ባህሎች በእኩልነት እንዲያድጉ ሲደነግግ ከመሠረታዊ መብቶችና ከሰብአዊ ክብር ጋር እንዲጣጣሙ ማስገደዱ ከዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም ሕግ ብቻውን ልማድን አይነቅልም። ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በከምባታ ግርዛትን የታገሉት፣ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በአንድነት ተቀምጦ እንዲወያይ በማድረግ ነበር። ልማዱን የጠየቀው ራሱ ባለቤቱ ነበረ፤ መልሱም ስለዚህ ሥር ያዘ።

በመሆኑም በባህል ሥራ የተሰማራ ሁሉ ሥራው ከማሳየት አልፎ ማስታወስ መሆኑን መገንዘብ ይኖርበታል። መምህሩ ስለ ቄጣላ ሲያስተምር ስለ ሀላሌም ያስተምር። ከያኒው የበዓሉን ድምቀት ሲስል በደጅ ቆሞ ቡርሳሜ የሚጠብቀውን የጎረቤት ልጅ አይርሳው። ካድሬውም የበዓሉን መድረክ ሲያዘጋጅ፣ መድረኩ ከመተከሉ በፊት በየቀበሌው የተጣሉት ሰዎች መታረቃቸውን ይጠይቅ። ይህ ከተደረገ ጭፈራው ትርጉም ይኖረዋል፤ ካልተደረገ ግን ከበሮው ቢመታ፣ ልብሱም ቢያምር፣ ባህሉ በባለቤቱ እጅ እንዳለ ሆኖ ባለቤት ያጣ ይሆናል።